«ቶንሲል» የሚለው ስም ምን ይሸፍናል? የጉሮሮ ሕመም መንስኤዎችና መለያቸው

አሕጽሮተ ጽሑፍ

የጉሮሮ ሕመም በራሱ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች የጋራ ምልክት ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ግን ምልክቱ በአብዛኛው «ቶንሲል» ወይም «እንጥል መውረድ» በሚሉ ስሞች ይጠቃለላል። ሁለቱም ስሞች የሕመሙን ቦታ እንጂ መንስኤውን አያመለክቱም። ይህ አጭር ጽሑፍ ነባር የሕክምና ዕውቀትን በመዳሰስ ተላላፊና ተላላፊ ያልሆኑ መንስኤዎችን ይዘረዝራል፤ እርስ በርሳቸው የሚለዩባቸውን ምልክቶች ያሳያል፤ መንስኤውን ሳይለዩ ማከም የሚያስከትላቸውን ሦስት ዓይነት ጉዳቶችም ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው የሚከተለው ነው፤ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ያለ ጸረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የሚድን ሲሆን፣ ጥቂቱ ግን ልብን እስከመጉዳት ወይም የአየር መተላለፊያን እስከመዝጋት ይደርሳል። የሕክምናው ቁም ነገር ጥቂቱን ከብዙው መለየት ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የጉሮሮ ሕመም፣ ቶንሲል፣ እንጥል፣ ስትሬፕቶኮከስ፣ ሩማቲክ ትኩሳት፣ ጸረ-ባክቴሪያ መድኃኒት

1. መግቢያ

አንድ ሕፃን ትኩሳት ይዞት፣ መዋጥ አቅቶት ምግብ እንቢ ሲል በቤት ውስጥ የሚሰጠው የመጀመሪያ ፍርድ «ቶንሲሉ ተነሥቶበታል» ወይም «እንጥሉ ወርዷል» የሚል ነው። ፍርዱ ከዓይን ምስክርነት የራቀ አይደለም። አፉ ተከፍቶ ሲታይ በጉሮሮው ግራና ቀኝ ያሉት ቶንሲሎች ቀልተውና አብጠው፣ እንጥሉም ረዝሞ ይታያል። ችግሩ የሚጀምረው የታየው እብጠት የሕመሙ መንስኤ ተደርጎ ሲወሰድ ነው።

ቶንሲል ማንም ሰው ይዞት የሚወለደው አካል ነው። ከሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ክፍሎች አንዱ ሲሆን በአፍና በአፍንጫ በኩል የሚገቡ ተሕዋስያንን ቀድሞ የሚያገኝ ሥፍራ ላይ ተቀምጧል። በልጅነት ዕድሜ ይገዝፋል፤ ከጉርምስና በኋላ እያነሰ ይሄዳል። እንጥልም በለስላሳው ላንቃ ጫፍ የተንጠለጠለ ሥጋ ሲሆን በአካባቢው መቆጣት በተነሣ ቁጥር ፈሳሽ ቋጥሮ ያብጣል፤ ከወትሮው ዝቅ ብሎ የሚታየውም ስለዚህ ነው። የቶንሲል ማበጥም ሆነ የእንጥል «መውረድ» መንስኤው የፈጠራቸው ውጤቶች ናቸው። ውጤቱን በመንስኤነት መሰየም ቀላል የቃላት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቀጥሎ እንደሚታየው ስሙ የሚወሰደውን ርምጃ ይመራል።

ጽሑፉ አዲስ የመስክ መረጃ የሚያቀርብ አይደለም። ዓላማው በልዩ ልዩ የሞያ ዘርፎች ላሉ ተመራማሪዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የጉሮሮ ሕመምን መንስኤዎች በሥርዓት ማቅረብና በአገራችን ሁኔታ ሊጠኑ የሚገባቸውን ጥያቄዎች ማመልከት ነው።

2. ልዩ ልዩ መንስኤዎች አንድ ዓይነት ሕመም የሚፈጥሩት ለምንድን ነው?

የጉሮሮን ስሜት ወደ አንጎል የሚወስዱት በዋናነት 9ኛውና 10ኛው የራስ ቅል ነርቮች ናቸው። ቫይረስም ይሁን ባክቴሪያ፣ ጭስም ይሁን የጨጓራ አሲድ የጉሮሮን ሽፋን ሲያስቆጣ የተጎዱት ሕዋሳትና የመከላከያ ሥርዓቱ ብራዲካይኒንና ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ኬሚካሎችን ያመነጫሉ። እነዚህ ኬሚካሎች የደም ሥሮችን ያሰፋሉ፤ ፈሳሽ ወደ አካባቢው እንዲሰርግ ያደርጋሉ፤ የነርቭ ጫፎችንም ያነቃሉ። መቅላት፣ ማበጥና ሕመም የሚመጡት በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ መንስኤው ቢለያይም የሕመሙ ጎዳና አንድ በመሆኑ ታማሚው በሚሰማው ስቃይ ብቻ መንስኤውን መለየት አይችልም፤ የስቃዩ መጠንም ስለ መንስኤው አደገኝነት የሚናገረው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ እነዚሁ ነርቮች ወደ ጆሮም ቅርንጫፍ ስላላቸው የጉሮሮ ሕመም ጆሮን ይወጋል፤ ጆሮው ጤናማ ሆኖ ሳለ «ጆሮዬን» ብሎ የሚያለቅስ ሕፃን ጉሮሮው መታየት ያለበትም ለዚህ ነው። ስለዚህ መንስኤን የሚያሳውቀው ሕመሙ ራሱ ሳይሆን አጃቢዎቹ፣ ማለትም የታማሚው ዕድሜ፣ ሕመሙ የቆየበት ጊዜና አብረው የታዩት ሌሎች ምልክቶች ናቸው።

3. ተላላፊ መንስኤዎች

3.1 ቫይረሶች

ከጉሮሮ ሕመም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ቫይረሶች ናቸው። ራይኖቫይረስ፣ አዴኖቫይረስ፣ ፓራኢንፍሉዌንዛ፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ-19ን የሚያመጣውን ጨምሮ የኮሮና ቫይረስ ዝርያዎች በዚህ ይመደባሉ። የቫይረስ መለያው በአብዛኛው ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የዓይን መቅላት ወይም ተቅማጥ ከጉሮሮ ሕመሙ ጋር ከታዩ መንስኤው ቫይረስ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። በላንቃና በጉሮሮ ጀርባ ላይ ትናንሽ ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች ሲታዩ ደግሞ በሕፃናት ዘንድ ኮክሳኪ ቫይረስ ይጠረጠራል።

ከቫይረሶች ሁለቱ የተለየ ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ነው። በወጣቶች ላይ ለሳምንታት የሚቆይ ድካም፣ የአንገት ንፍፊት፣ በነጭ ሽፋን የተለበጠ ቶንሲልና የጣፊያ ማበጥ ያስከትላል። መልኩ ከባክቴሪያ ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ታማሚው አሞክሳሲሊን ይሰጠዋል፤ በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ መላ ሰውነቱን ሽፍታ ይወርረዋል። ሽፍታው እንደ ፔኒሲሊን አለርጂ ተቆጥሮ ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ጠቃሚ መድኃኒት እንዲርቅ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ጣፊያው ያበጠ ታማሚም ለሳምንታት ከግጭት ስፖርትና ከከባድ ሸክም መራቅ አለበት፤ ጣፊያ የመቀደድ አደጋ አለውና።

ሁለተኛው ኤችአይቪ ነው። ቫይረሱ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታና ንፍፊት ሊከሰት ይችላል። በዚያ ወቅት የጸረ-አካል ምርመራ ገና ነጻ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ተጋላጭነት ያለው ሰው ምርመራውን ከሳምንታት በኋላ መድገም ይገባዋል።

3.2 ምድብ ኤ ስትሬፕቶኮከስ

ከባክቴሪያዎች ሁሉ ዋናው ምድብ ኤ ስትሬፕቶኮከስ ነው። ስትሬፕቶኮከሶች በምድብ የተለዩት እ.ኤ.አ. በ1933 ሪቤካ ላንስፊልድ ባወጣችው ሥርዓት ሲሆን «ምድብ ኤ» የሚለው ስያሜ ከዚያ የመጣ ነው። በጉሮሮ ሕመም ምክንያት ወደ ሕክምና ከሚመጡ ልጆች ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ ከዐዋቂዎች ደግሞ ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ይህ ባክቴሪያ ይገኝባቸዋል። በብዛት የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በቅርብ ንክኪና ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጡ ጠብታዎች በመሆኑ የተጨናነቀ መኖሪያና የተጣበበ የመማሪያ ክፍል ይመቹታል። ባክቴሪያው ከገባ ከ2 እስከ 5 ቀናት ባለው ጊዜ ሕመሙ ይጀምራል።

አመጣጡ ድንገተኛ ነው። ትኩሳት፣ ሲውጡ የሚያም ጉሮሮ፣ ቀልተውና መግል ለብሰው የሚታዩ ቶንሲሎች፣ በላንቃ ላይ ነጠብጣብ የደም ምልክቶች፣ በአንገት ፊት ለፊት ሲነካ የሚያም ንፍፊት ይታያሉ፤ በልጆች ላይ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠትና ማስመለስ ሊታከሉ ይችላሉ። ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ግን በአብዛኛው አይኖሩም። አንዳንድ ጊዜ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ቀይ ሽፍታ ቆዳን ይሸፍናል፤ ይህ ስካርሌት ትኩሳት ይባላል።

3.3 ሌሎች ባክቴሪያዎችና ፈንገስ

ዲፍቴሪያ በክትባት ምክንያት ብርቅ እየሆነ የሄደ፣ ክትባት በተቋረጠበት ሁሉ ግን የሚመለስ በሽታ ነው። መለያው በቶንሲልና በጉሮሮ ላይ የሚጋገር፣ ሲያላቅቁት የሚደማ ግራጫ ሽፋን ነው። ሽፋኑ የአየር መተላለፊያን ሊዘጋ፣ የባክቴሪያው መርዝም የልብን ጡንቻና ነርቮችን ሊጎዳ ይችላል። ሕክምናው ጸረ-ባክቴሪያ ብቻ ሳይሆን የመርዝ ማክሸፊያ መድኃኒትም ይፈልጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 በመደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ያስገባችው፣ ለሕፃናት በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት የሚሰጠው ጸረ-አምስት ክትባት ዲፍቴሪያን ይከላከላል። የአየር ቧንቧ ክዳንን በድንገት አሳብጦ ሕፃንን ሊያንቅ የሚችለውን ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ የተባለ ባክቴሪያንም እንዲሁ።

ፉሶባክቴሪየም የተባለው ባክቴሪያ በጎረምሶችና በወጣቶች ላይ የጉሮሮ ሕመም ያስከትላል፤ አልፎ አልፎም ወደ አንገት ደም መላሽ ሥር ዘልቆ ደም እንዲረጋ፣ መግልም ወደ ሳንባ እንዲበተን ያደርጋል። ይህን አንድሬ ለሚየር እ.ኤ.አ. በ1936 በዝርዝር ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ጨብጥም በአፍ በሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ጉሮሮን ሊይዝ ይችላል፤ በአብዛኛው ግን ምልክት አያሳይም። ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ በአፍና በጉሮሮ ላይ ነጭ ሽፋን ሲፈጥር ደግሞ ሐኪሙ «የመከላከያ ሥርዓቱን ያዳከመው ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድዳል። ኤችአይቪ፣ የስኳር ሕመም፣ ለአስም የሚሳብ የስቴሮይድ መድኃኒት ወይም በቅርቡ የተወሰደ ጸረ-ባክቴሪያ ከመልሶቹ መካከል ናቸው።

4. ከጉሮሮ ወደ ልብ

ስትሬፕቶኮከስ በዚህ ጽሑፍ ልዩ ቦታ የተሰጠው የጉሮሮ ሕመሙ ስለሚከፋ አይደለም፤ ሕመሙ ባይታከምም በአብዛኛው በአንድ ሳምንት ገደማ ይለቃል። አደጋው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ጉሮሮው ድኖ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ከተመለሰ ከ2 እስከ 3 ሳምንታት ገደማ በኋላ ሩማቲክ ትኩሳት ሊነሣ ይችላል። የመከላከያ ሥርዓቱ ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጃቸው ጸረ-አካላትና ሕዋሳት በባክቴሪያው ፕሮቲኖችና በራሱ በሰውነት ሕብረ ሕዋስ መካከል ባለው መመሳሰል ተታልለው የገዛ አካልን ያጠቃሉ። መገጣጠሚያዎች ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛወረ በሚሄድ ሕመም ይያዛሉ፤ አንጎል ሲነካ ከፈቃድ ውጭ የሆነ የእጅና የእግር መወራጨት ይታያል፤ ልብ ሲነካ ደግሞ በሮቹ (ቫልቮቹ) ይቆጣሉ። መገጣጠሚያው ያለ ጠባሳ ይድናል፤ የልብ በር ግን ጠባሳ ይይዛል። ጥቃቱ በተደጋገመ ቁጥር በሮቹ ይጠባሉ ወይም መግጠም ያቅታቸዋል፤ ውጤቱም የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው።

በዓለም ላይ ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች 40 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ በየዓመቱም በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሞቱበታል። አብዛኞቹ የሚገኙት በአነስተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ፣ አንዳንዴም አንዲት ወጣት ሴት ስታረግዝና ልቧ ተጨማሪውን የደም መጠን መሸከም ሲያቅተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር የተመከረበት መግለጫ ሕመሙን ከአፍሪካ ለማጥፋት የሚያስፈልጉ ተግባራትን ሲዘረዝር ጥራቱን የጠበቀ ፔኒሲሊን በበቂ መጠን ማቅረብን ከእነዚህ አንዱ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በጉዳዩ ላይ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል።

መከላከያው አዲስ ግኝት የሚጠብቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ በአሜሪካ ዋዮሚንግ በሚገኝ የአየር ኃይል ሠፈር ውስጥ በወታደሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የስትሬፕቶኮከስ የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን ሲታከም ሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል እንደሚቻል አሳይተዋል። በእነዚያ ወረርሽኞች ሳይታከሙ ከቀሩት 3 በመቶ ያህሉ ሩማቲክ ትኩሳት ይይዛቸው ነበር፤ በተራ ጊዜ በሚታይ ሕመም ድርሻው ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ ሕክምና ከተጀመረ መከላከሉ ይሠራል። ይህ ለተግባር ትልቅ ትርጉም አለው፤ የምርመራ ውጤት እስኪመጣ 1 ወይም 2 ቀን መጠበቅ ልብን ለአደጋ አያጋልጥም። ሌላው መልካም ዜና ምድብ ኤ ስትሬፕቶኮከስ ከ80 ዓመታት አገልግሎት በኋላም ለፔኒሲሊን አለመላመዱ ነው። አንድ ጊዜ በጡንቻ የሚሰጥ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ወይም ለ10 ቀናት በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን አልያም አሞክሳሲሊን ይበቃል።

ሆኖም አንድ ወሰን አለ። ሩማቲክ ትኩሳት ከያዛቸው ሰዎች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ቀደም ሲል የጉሮሮ ሕመም እንደነበረባቸው አያስታውሱም። ስለዚህ የጉሮሮ ሕመምን በሚገባ ማከም አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ የመኖሪያ ቤት መጨናነቅን መቀነስና አንድ ጊዜ የታመሙትን በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ በሚሰጥ ፔኒሲሊን ከድጋሚ ጥቃት መጠበቅ አብረው መሄድ አለባቸው።

5. ተላላፊ ያልሆኑ መንስኤዎች

ትኩሳት ሳይኖር ለሳምንታት የሚመላለስ የጉሮሮ ሕመም በአብዛኛው ከተሕዋስያን ውጭ የሆነ መንስኤ አለው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የጨጓራ አሲድ ነው። አሲዱ ሌሊት በተኛንበት ወደ ጉሮሮ ሲወጣ ጠዋት ጠዋት የጉሮሮ መከርከር፣ ደረቅ ሳል፣ የድምፅ መጎርነንና አንዳች ነገር የተሰነቀረ የመሰለ ስሜት ያስከትላል፤ ቃር ግን ላይኖር ይችላል። ሁለተኛው አለርጂ ሲሆን ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ንፍጥ አካባቢውን ያለማቋረጥ ያስቆጣል። ሦስተኛው ጭስ ነው። በእንጨትና በኩበት በሚነድ ምድጃ አጠገብ፣ መስኮት በሌለው ማድቤት የሚውሉ ሴቶችና በጀርባቸው የታዘሉ ሕፃናት፣ እንዲሁም ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ጉሮሮ ሳይቆጣ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። መምህራን፣ ሰባኪዎች፣ ዘማሪዎችና የገበያ ነጋዴዎች ደግሞ ድምፅን አብዝቶ ከመጠቀም የሚመጣ ሕመም ይገጥማቸዋል።

ወንዝና ኩሬ በሚጠጣባቸው ገጠሮች አልቅትም መዘንጋት የለበትም። ያልተጣራ ውኃ ሲጠጣ የሚገባ አልቅት በጉሮሮ ወይም በአፍንጫ ጀርባ ተጣብቆ ደም ይመጣል፤ ታማሚው የመከርከርና የባዕድ ነገር ስሜት ይሰማዋል፤ ደም ይተፋል፤ ሲቆይም የደም ማነስ ያገኘዋል። ጉሮሮን በብርሃን አድርጎ ከማየት ውጭ ይህን የሚገልጥ ነገር የለም። የዓሣ እሾህም በተመሳሳይ መልኩ ተሰንቅሮ ሊቆይ ይችላል።

መድኃኒቶችም መንስኤ ይሆናሉ። ከመጠን በላይ ለሚሠራ የእንቅርት ዕጢ የሚሰጡት ፕሮፒልታዮራሲልና ካርቢማዞል፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎዛፒን፣ ለትኩሳትና ለሕመም የሚሰጠው ዳይፓይሮን በጥቂት ሰዎች ላይ የነጭ የደም ሕዋሳትን ቁጥር በአደገኛ ሁኔታ ይቀንሳሉ። የዚህ የመጀመሪያ ምልክት ብዙውን ጊዜ ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም ነው። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው «ቶንሲል ነው» ብሎ ቤቱ ከመቀመጥ ይልቅ በዚያው ቀን ሐኪሙን አግኝቶ የደም ምርመራ ማድረግ አለበት።

በመጨረሻም ካንሰር አለ። በተለይ በሚያጨስ ወይም አልኮል በሚያዘወትር ዐዋቂ ላይ ከ3 ሳምንታት በላይ የቆየ፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚያም፣ ከክብደት መቀነስ፣ ከአንገት እብጠት ወይም ከድምፅ ለውጥ ጋር የመጣ ሕመም በልዩ ሐኪም መታየት አለበት።

6. መንስኤን መለየት፦ የመመዘኛዎች ጥቅምና ወሰን

ሐኪም ፊት የቀረበ የጉሮሮ ሕመም በቅድሚያ ሊመልስ የሚገባው ጥያቄ «ቫይረስ ነው ወይስ ባክቴሪያ?» የሚል ሳይሆን «የአየር መተላለፊያው ያሰጋል ወይ?» የሚል ነው። ምራቁን መዋጥ አቅቶት ልሃጩ የሚዝረበረብ፣ ወደ ውስጥ ሲተነፍስ የሚያፏጭ ድምፅ የሚያሰማ፣ ለመተንፈስ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የሚቀመጥ፣ አንገቱ የደረቀ ወይም አፉን መክፈት የተሳነው ታማሚ ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። በአንድ ወገን ያበጠ ቶንሲል እንጥሉን ወደ ሌላው ወገን ሲገፋውና ድምፁ ትኩስ ነገር እንደጎረሰ ሰው ሲሆን በቶንሲሉ ዙሪያ መግል ቋጥሯል ማለት ነው፤ መግሉ በባለሞያ መውጣት አለበት።

ይህ አደጋ ከሌለ ስትሬፕቶኮከስን መለየት ይከተላል። ሮበርት ሴንተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 በዐዋቂዎች ላይ ባደረጉት ጥናት 4 ምልክቶችን ለይተዋል፤ እነርሱም ትኩሳት፣ በቶንሲል ላይ መግል፣ በአንገት ፊት ለፊት የሚያም ንፍፊት እና የሳል አለመኖር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ማክአይዛክ ዕድሜን ጨመረበት፤ ከ3 እስከ 14 ዓመት ላሉት 1 ነጥብ ይደመራል፤ 45 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት 1 ነጥብ ይቀነሳል።

የመመዘኛው ጥንካሬና ድካም በቁጥሮቹ ይታያል። በመጀመሪያው ጥናት ከ4ቱ ምልክቶች አንዱም ካልታየባቸው ዐዋቂዎች ስትሬፕቶኮከስ የተገኘባቸው ከ100 ሰዎች 3 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ 4ቱም በታዩባቸው ግን ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ብቻ ነበሩ። ማለትም መመዘኛው በሽታው የሌለባቸውን ሰዎች ለመለየት ጎበዝ ነው፤ ያለባቸውን ለማረጋገጥ ግን በቂ አይደለም። መግል የባክቴሪያ ማረጋገጫ ነው የሚለው የተለመደ እምነትም በዚህ ይፈርሳል፤ አዴኖቫይረስና ኤፕስታይን-ባር ቫይረስም ቶንሲልን መግል ያለብሳሉና።

ለማረጋገጥ የጉሮሮ ናሙና ካልቸር ወይም ፈጣን የአንቲጅን ምርመራ ያስፈልጋል። ምርመራውም የራሱ ወሰን አለው። ከጤናማ ተማሪዎች መካከል ከ10 አንዱ ያህል ባክቴሪያውን ሳይታመም በጉሮሮው ይይዘዋል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ጉንፋን ቢይዘው ምርመራው ስትሬፕቶኮከስን ያሳያል፤ ሕመሙ ግን የቫይረስ ነው። ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ያለበትን ልጅ አለመመርመር የሚመከረው ለዚህ ነው።

ምርመራ በማይገኝበት ጤና ጣቢያስ? እዚህ ላይ ሚዛኑ እንደ አገሩ ይለያያል። ሩማቲክ ትኩሳት ብርቅ በሆነበት አገር ያልተረጋገጠን ሕመም አለማከም ብዙ አያስፈራም። ሩማቲክ የልብ ሕመም ተራ በሆነበት አገር ግን የሳልና የጉንፋን ምልክት የሌለበትን፣ ትኩሳት፣ መግልና የሚያም ንፍፊት ያለበትን የትምህርት ቤት ልጅ በፔኒሲሊን ማከም ከመተው ይሻላል።

7. ስሙ የሚመራው ሕክምና

«ቶንሲል» የሚለው የጅምላ ስም ሦስት የተሳሳቱ መንገዶችን ይከፍታል።

የመጀመሪያው ለሁሉም ጸረ-ባክቴሪያ መስጠት ነው። 100 የታመሙ ልጆች ሁሉም አሞክሳሲሊን ቢወስዱ ከ70 የማያንሱት ያለ ጥቅም ይወስዱታል፤ ተቅማጥ፣ ሽፍታና የተሕዋስያን መላመድ ግን ይደርስባቸዋል። መድኃኒቱ ያለ ማዘዣ ተገዝቶ ሕመሙ ሲቀል በ3ኛው ቀን ሲቋረጥ ደግሞ በእርግጥ የሚያስፈልገው ልጅ እንኳ ሙሉ ጥበቃ አያገኝም። ሕመሙን በማስታገስ ረገድም ጸረ-ባክቴሪያ የሚያሳጥረው ጊዜ በአማካይ ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። ለሕመሙ የሚበጁት ፓራሲታሞል፣ በቂ ፈሳሽ፣ ዕረፍትና በሞቀ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ናቸው። ማርና ዝንጅብል ያለበት ሻይም ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

ሁለተኛው መናቅ ነው። «ቶንሲል ነው፤ ይለቀዋል» የሚለው ቃል ከ10 ጊዜ ሰባቱን ወይም ስምንቱን እውነት ይሆናል። በየጊዜው እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው አደገኛ የሚያደርገው፤ ልማዱ የቀሩትን ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ያለ ሕክምና ያሳልፋል።

ሦስተኛው መቁረጥ ነው። እንጥል የሕመሙ ምንጭ ነው ከተባለ መፍትሔው እንጥልን ማስቆረጥ፣ ቶንሲልንም በጣት ወይም በጥፍር መቧጠጥ ይሆናል። ድርጊቱ በማደንዘዣና በንጹሕ መሣሪያ የማይፈጸም በመሆኑ የደም መፍሰስ፣ መመረዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ደም ወደ ሳንባ መግባት፣ በጋራ ምላጭም ኤችአይቪና የጉበት ቫይረሶች ያሰጋሉ። ብዙ ሕፃናት ከቆይታ በኋላ መዳናቸው ለድርጊቱ ምስክር ተደርጎ ይቀርባል፤ ነገር ግን የቫይረስ ሕመም በአንድ ሳምንት ገደማ በራሱ ስለሚለቅ፣ በ4ኛው ቀን የተደረገ ማንኛውም ነገር ያዳነ ይመስላል። ለተመራማሪ ይህ የንጽጽር ቡድን የሌለው ምልከታ እንዴት እንደሚያሳስት የሚያሳይ ግልጽ ምሳሌ ነው። በሆስፒታል የሚደረግ የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ከዚህ የተለየ ሲሆን ለተመረጡ ታማሚዎች ይጠቅማል፤ የተለመደው መመዘኛ በአንድ ዓመት 7፣ ወይም በተከታታይ 2 ዓመታት በየዓመቱ 5፣ ወይም በተከታታይ 3 ዓመታት በየዓመቱ 3 ጊዜ በሐኪም የተመዘገበ ሕመም መኖር ነው።

8. መደምደሚያ

የጉሮሮ ሕመም መንስኤዎች ብዙ ቢሆኑም በተግባር በአራት ክፍል ይጠቃለላሉ፤ ራሱን የሚያድን የቫይረስ ሕመም፣ ልብን ለመጠበቅ ሲባል መታከም ያለበት ስትሬፕቶኮከስ፣ በሰዓታት ውስጥ የአየር መተላለፊያን ሊዘጋ የሚችል ድንገተኛ አደጋ፣ እና ለሳምንታት የሚቆይ፣ በአብዛኛው ተላላፊ ያልሆነ ሕመም። አራቱንም በአንድ ስም መጥራት ለአንዱ የሚገባውን ለሌላው መስጠት ነው።

ከዚህ ዳሰሳ ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች ይነሣሉ። በዐዋቂዎች ላይ የተዘጋጁት መመዘኛዎች በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ልጆች ላይ ሲሞከሩ ምን ያህል ይለያሉ? ወላጆች «ቶንሲል» እና «እንጥል» ሲሉ ምን ምን ምልክቶችን ማለታቸው ነው፤ ስያሜው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ መድኃኒት መደብር ወይም ወደ ባህላዊ ቆራጭ የመሄድ ውሳኔያቸውን እንዴት ይወስናል? በመድኃኒት መደብር የሚሠሩ ባለሞያዎች አሞክሳሲሊን ከመስጠታቸው በፊት ስለ ሳልና ስለ ትኩሳት ቢጠይቁ ሽያጩ ምን ያህል ይቀንሳል? የመጀመሪያው የሕክምና፣ ሁለተኛው የቋንቋና የማኅበረሰብ ጥናት፣ ሦስተኛው የፋርማሲ ጥያቄ ነው። ሦስቱ ተቀናጅተው ቢጠኑ በጉሮሮ የጀመረ ሕመም በልብ እንዳይጨርስ ለሚደረገው ጥረት ተጨባጭ መነሻ ይሆናሉ።